ሻምፒዮን እንዴት ይለይ?

በአቃቂ ቃሊቲ ለስፖርት ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። የአንድ አገር የእግር ኳስ ሻምፒዮን በምን ይለይ? «ያሸነፈ ይውሰዳ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ማንን ያሸነፈ? የት? ስንት ጊዜ? በየትኛው ደንብ? ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ክርክሬን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሻምፒዮን የሚከበረው ሁለተኛ የወጣው ቡድን ደጋፊ አንገቱን ደፍቶም ቢሆን «ይገባቸዋል» ሲል ነው። ይህ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር ወይ? ሸክሙ እኩል ተከፍሏል ወይ? ደንቡ ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ታውቆ ነበር ወይ? አንዱ ሲጎድል ዋንጫው ይነሳል፣ ወሬው ግን አይቆምም።

ከቅርባችን እንጀምር። ክረምት ላይ በሰፈር በምናዘጋጀው ውድድር 16 ቡድን ተመዘገበ እንበል። በጥሎ ማለፍ ከሄድን በ15 ጨዋታ ዋንጫው ባለቤት ያገኛል። እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይግጠም ካልን 120 ጨዋታ ነው። ደርሶ መልስ ከሆነ 240። ሜዳው አንድ ነው፣ ዝናቡ በየቀኑ ይወርዳል፣ መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል። ኮሚቴው ምርጫ የለውም፤ ጥሎ ማለፍ ይላል። ዕጣው ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። የቡድኖቹ ስም በደብተር ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ይጠቀለላል፣ ኮፍያ ውስጥ ይገባል። ከቡድን መሪዎቹ አንዱ ያውጣ ቢባል ሌላው ስለማያምነው፣ በዚያ የሚያልፍ ሕፃን ይጠራና እጁን ይሰዳል። ሁሉም ከበው ያያሉ። በመጀመሪያው ዙር ከባዱ ቡድን የደረሰው ያጉረመርማል እንጂ «ተበላሁ» አይልም። ዕጣው በዓይኑ ፊት ወጥቷላ!

የጥሎ ማለፍ ችግሩ ሌላ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያማረ ኳስ ሲጫወት የከረመ ቡድን፣ በረኛው አንድ ቀን ጭቃ ላይ ስለተንሸራተተ ብቻ ይሰናበታል። ወይም እኩል ይወጣና በፍጹም ቅጣት ምት ይሸነፋል። ጥሎ ማለፍ ደፋርን ይሸልማል፤ ከሁሉ የተሻለውን ግን ሁልጊዜ አያገኝም። ሊግ ደግሞ የተሻለውን ያገኛል፤ የሚያስከፍለው ግን ጊዜና ገንዘብ ነው።

ሰው ተሰብስቦ የሚመርጥበት ሦስተኛ መንገድም አለ። «በኳስ እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?» አትበሉ። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱት፣ ኳሱ እንደ እንቁላል ሾጠጥ ያለ፣ በእጅ የሚያዝ ፉትቦል አለ። ስታዲየሞቻቸው ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የሚይዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በላይኛው እርከን ከ130 በላይ ቡድን ይሰለፋል፤ አንድ ቡድን በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው ግን ወደ 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ሁሉም ከሁሉም ሊገናኝ አይችልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ጋዜጠኞች በየሳምንቱ ድምፅ እየሰጡ ደረጃ ያወጡ ነበር፤ በወቅቱ መጨረሻ አንደኛ ያሉት ሻምፒዮን ተባለ። ቆይቶ አሠልጣኞችም የራሳቸውን ድምፅ ጨመሩ። ሁለቱ ወገኖች ሳይስማሙ ሲቀሩ አገሪቱ በአንድ ዓመት ሁለት ሻምፒዮን ይኖራታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የውድድር ዓመት የሆነው ይኸው ነው፤ ሉዊዚያና ስቴትና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ እያንዳንዳቸው ዋንጫ ይዘው ቀሩ።

ያኔ ኮምፒውተርም አስገብተው ነበር፤ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ኮሚቴ አራት ቡድን መርጦ እንዲያጋጥም ተደረገ። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ። ኮሚቴው ግን ዋናው ኳስ ወርዋሪ ስለተጎዳ እንደ በፊቱ አይሆኑም ብሎ ከአራቱ ውጪ አደረገው። ያልተሸነፈ ቡድን «ወደፊት ትሸነፋለህ» ተብሎ ተሰናበተ ማለት ነው! በ2017 ደግሞ ሴንትራል ፍሎሪዳ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ወቅቱን ጨርሶ ስላልተጠራ ራሱን ሻምፒዮን ብሎ ሾመ፤ ሰልፍም ወጣ። ከ2024 ወዲህ 12 ቡድን ወደ ማጣሪያው ይገባል። አሁንም 13ኛው ያለቅሳል። ልዩነቱ የ13ኛው ልቅሶ ካልተሸነፈው ቡድን ልቅሶ መቅለሉ ነው። ከእነሱ የምንማረው፣ ሜዳ ሊፈርድ የሚችለውን ነገር ለቢሮ መስጠት ጠብ መግዛት እንደሆነ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1936 ዓ.ም. ሲሆን የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። «የኢትዮጵያ ሻምፒዮን» ቢባልም በሩ ከአዲስ አበባ የወጣ አልነበረም። በኋላ ክፍላተ ሀገራት ገቡ፤ ከየአካባቢው ያሸነፉት እየተገናኙ ዋንጫው ከሸገር ወጣ። በ1940ዎቹ ማብቂያ ላይ ሐማሴን፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ኮተን የሚባለው የድሬዳዋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን በተደጋጋሚ ወሰዱት። ይህን ለአቃቂ ሰው መንገር ደስ ይላል። እኛም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የመለዋወጫ ፋብሪካ ሰፈር ነን፤ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ከፈረቃ በኋላ ሜዳ ወርዶ የአገር ሻምፒዮን ሊሆን እንደሚችል ድሬዳዋ አሳይታለች።

በየዓመቱ መጨረሻ ላይ እየተገናኙ መጫወት ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ረጅሙን ዓመት የሚፈትን ነገር አልነበረውም። በ1990 ዓ.ም. ክለቦች ከከተማ ከተማ እየተጓዙ ደርሶ መልስ የሚጫወቱበት ብሔራዊ ሊግ ተጀመረ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል አነሳ። ከዚያ ወዲህ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙውን ጊዜ ቢነግሥም፣ ሐዋሳ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ ደደቢት፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ ንግድ ባንክ፣ መድን ዋንጫውን ቀምሰዋል።

አጭር ውድድርን ግን አልንቅም። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አራት አገር ብቻ ነበር የተሰለፈው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታች፤ ከዚያ ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብፅ ጋር በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ሆና በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ። በሁለት ጨዋታ የአፍሪካ ሻምፒዮን! ማንም ግን «አልተገባቸውም» አላለም፤ ለአራቱም አገር መንገዱ እኩል አጭር ነበርና።

ተቃራኒውንም ያየነው እዚሁ ነው። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባና ድሬዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን ሲያስተናግዱ ፍጻሜ የሚባል ጨዋታ አልነበረም። አራት ቡድን በመጨረሻው ዙር ሁሉም ከሁሉም ተጫውቶ ብዙ ነጥብ ያለው ይወስዳል ተባለ። መጋቢት 5 ቀን ሞሮኮና ጊኒ ሲገናኙ ለሞሮኮ እኩል መውጣት ይበቃት ነበር፤ ጊኒ ግን የግድ ማሸነፍ ነበረባት። ጊኒ ቀድማ አገባች። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሞሮኮ አቻ የምታደርገውን ግብ አገኘች፤ 1 ለ 1 ወጥታም ዋንጫውን ወሰደች። ጨዋታውን ሳያሸንፉ ሻምፒዮን መሆን ለዓይን ግር ይላል። ደንቡ ግን ቀድሞ የተጻፈ ስለነበር ጊኒዎች አዘኑ እንጂ ይግባኝ አላሉም። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃም ይቆማል» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ነው።

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። ፕሪሚየር ሊጉን የሚመራው የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዲኤስቲቪ ጨዋታዎቹን በቀጥታ ማሳየት ጀመረ። ለአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል እንደሆነ ያኔ ተነግሯል። ሊጉም ከደርሶ መልስ ወጥቶ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት በአዲስ አበባ ተጀምሮ በጅማ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ አልፎ ሐዋሳ ላይ አለቀ።

ይህ አሠራር ለምን እንደመጣ መካድ አይገባም። ካሜራና የስርጭት መኪና በየሳምንቱ ከጫፍ ጫፍ ማመላለስ ከባድ ነው። ለቴሌቪዥን የሚበቃ ሜዳ ያላቸው ከተሞች ጥቂት ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ ደጋፊዎች እየተጋጩ፣ በጸጥታ ስጋት ጨዋታዎች ወደ ገለልተኛ ሜዳ ይዞሩ እንደነበር አንረሳም። የኮሮና ወረርሽኙም ነበረ። በዚያ ሰዓት ሊጉን ያዳነው ይህ ዘዴ ነው ቢባል አልከራከርም።

ሸክሙ እኩል መከፈሉን ግን እንይ። ከቃሊቲ ባቡር ተሳፍሮ ስታዲየም ፌርማታ ላይ ይወርድ የነበረው የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዕድሳት ሲዘጋ ክለቡን በቴሌቪዥን ማየት ጀመረ። አዳማ ላይ ሲሆን አንዳንዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ተሰባስቦ በክፍያ መንገዱ ደርሶ ይመለሳል። ድሬዳዋ ወይም ባሕር ዳር ሲሆን ያ የለም። ለአስተናጋጁ ከተማ ክለብ ግን ሳምንታቱ ሁሉ በሜዳው ናቸው፤ በአልጋው ተኝቶ፣ የእናቱን ምግብ በልቶ፣ በሕዝቡ ፊት ይጫወታል። ባላጋራው ሆቴል ውስጥ ከቤተሰቡ ርቆ ሳምንታት ይቆጥራል፤ የሆቴሉም ወጪ ከክለቡ ካዝና ይወጣል። ከቀትር በኋላ በድሬዳዋ ፀሐይ የሚጫወትና ፀሐይዋ ጠልቃ የሚጫወት እኩል አይፈተኑም። ጠዋት ዝናብ የወረደበት ሣር ላይ በቀን ሁለት ጨዋታ ሲደረግ ሁለተኛው የሚጫወተው በተረገጠ ጭቃ ላይ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። በሰኔ 1974 ዓ.ም. ስፔን በተካሄደው የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ የምድብ ጨዋታዋን ከአንድ ቀን በፊት ጨርሳ ትጠብቅ ነበር። ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሁለቱም ለማለፍ ስንት ለስንት መውጣት እንዳለባቸው አውቀው ሜዳ ገቡ። ጀርመን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ አገባች፤ ከዚያ ሁለቱም ኳሱን እያንከባለሉ ሰዓቱን ፈጁ። 1 ለ 0። አልጄሪያ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የዓለም ዋንጫ ምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመራሉ። አንድ ሜዳ ብቻ ይዞ ሊግ የሚጨርስ አገር ይህን እንዴት ያደርጋል? ሁለት ጨዋታ በአንድ ሣር ላይ በአንድ ጊዜ አይካሄድም። ስለዚህ ሊጉ በአንድ ከተማ የሚያልቅ ከሆነ፣ ዋንጫውንና መውረድን የሚወስኑት ጨዋታዎች በአንድ ደቂቃ የሚጀመሩበት ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ሜዳ በቅርብ ርቀት መዘጋጀት አለበት። ተጫዋቾቻችንን ስለማናምን አይደለም። የሚታሙበትን በር እንዝጋላቸው ብዬ ነው።

ስለ ደንብ ስናወራ 2012 ዓ.ም. መነሳት አለበት። ወረርሽኙ ሲመጣ ሊጉ በመሃል ቆመ፤ በመጨረሻም ውድድሩ ተሰረዘ፣ ሻምፒዮንም ወራጅም የለም ተባለ። ዓለም ሁሉ ያኔ ግራ ገብቶት ነበር። ፈረንሳይ ውድድሩን አቋርጣ ፓሪስ ሳን ዠርማንን ሻምፒዮን አለች። ሆላንድ አያክስና አልክማር እኩል 56 ነጥብ ይዘው እያለ ሻምፒዮን የለም አለች። እንግሊዝ ጠብቃ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ጨረሰችና ሊቨርፑል ወሰደ። ለሦስቱም መልስ መሟገት ይቻላል። የማይቻለው ውሳኔውን ሠንጠረዡን እያዩ መስጠት ነው፤ ያኔ ማንም «ለእገሌ ታስቦ ነው» ከማለት አይመለስም። ውድድር ቢቋረጥ ምን ይደረግ የሚለው ጥቅምት ላይ፣ ሁሉም በዜሮ ነጥብ ላይ ሳለ መጻፍ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ደንብ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የቀረኝ በሩ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ነበሩ፤ የለያቸው የግብ ልዩነት ነው። ዓምና ከታች የነበረ ክለብ ዘንድሮ በአገሪቱ አናት ላይ! በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ይህ አይታሰብም፤ እዚያ ከታች ወደ ላይ በማሸነፍ የሚወጣበት መሰላል የለም። እኛ አለን። ከአቃቂ የሚነሳ ክለብ ምድቡን እያሸነፈ ሊጉን እየቀየረ ፕሪሚየር ሊግ መድረስ ይችላል፤ ማንም ኮሚቴ «አትመጥንም» ሊለው አይችልም። ይህን መሰላል እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቀው። ታችኛው ሊግ በምድብ ስለሚከፈል ግን አንዱ ምድብ ከባድ፣ ሌላው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የምድብ አሸናፊዎች እርስ በርስ ሳይገናኙ «የሊጉ ሻምፒዮን» የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም።

በር በደንብ ብቻ አይዘጋም። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ሻምፒዮን ሆነ፤ ቀጣዩ ዓመት ተሰረዘ፤ ከዚያ የትግራዩ ጦርነት መጣና መቐለ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ከሊጉ ወጡ። 2013 በ13 ክለብ ተካሄደ፤ ፋሲል ከነማ በፊቱ የቀረበውን ውድድር በብቃት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ ከእሱ ላይ አንዲት ነጥብ አይቀነስም። ዋንጫው ሲነሳ ግን የቀድሞው ባለዋንጫ በሜዳ አልተጠየቀም። ሦስቱ ክለቦች በ2017 መመለሳቸው ለእነሱ ብቻ የተደረገ ውለታ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮን ለሚሆነው ሁሉ ዋንጫውን ያከብድለታል።

በር መዝጋት ተገቢ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ ኢትዮጵያ የደረሳት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስላለች ተሰረዘች፤ ኢትዮጵያም ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች። በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። ያ ሽንፈት አያሳፍርም። ራሱ በር የሚዘጋ ሰው ውድድር ላይ አይቀመጥም፤ ያኔ የተወሰነው ትክክል ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሐሳቤን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ፕሪሚየር ሊጉ ወደ ደርሶ መልስ ይመለስ። በአንድ ሌሊት አይሆንም። ብቁ ሜዳ ያለው ክለብ በሜዳው ይጫወት፣ የሌለው ቅርብ ያለውን ይምረጥ፣ በየዓመቱ ቁጥሩ ይጨምር። የአገር ሻምፒዮን በሰው ደጅ ሄዶ፣ በሰው ጩኸት መሃል አሸንፎ መመለስ አለበት።

ሁለተኛ፣ እስከዚያው ድረስ በተመረጡ ከተሞች የሚካሄድ ከሆነ ሁለት ክለቦች ሁለቱንም ጨዋታ በአንድ ከተማ አያድርጉ፤ የቀንና የማታ ሰዓት በእኩል ይከፋፈል፤ አስተናጋጅ የሆነ ክለብ የሚያገኘው ጥቅም ታይቶ ሌሎቹ በመርሐ ግብሩ ይካሱ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመሩ።

አራተኛ፣ እኩል ነጥብ ሲሆን የሚለየው፣ ውድድር ሲቋረጥ የሚደረገው፣ ፎርፌ የሚሰጥበት ምክንያት ከመክፈቻው ጨዋታ በፊት ታትሞ ለክለቦችም ለደጋፊም ይድረስ፤ በመሃል አይነካ።

አምስተኛ፣ ሊግ ሊግ ሆኖ ይቀጥል፣ የኢትዮጵያ ዋንጫ ደግሞ ጥሎ ማለፍ ሆኖ ይኑር። አሜሪካና ካናዳ ያሉ ወገኖቻችን ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ ተሰብስበው በአንድ ሳምንት ዋንጫቸውን ይጨርሳሉ፤ ለናፍቆትና ለመገናኘት የተዘጋጀ ውድድር ነውና ያምርበታል። የአገር ሻምፒዮንነት ግን ረጅም ፈተና ይፈልጋል። ሁለቱን አንቀላቅል።

ይህን ሁሉ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው ብላችሁ እንዳትሄዱ። ፌዴሬሽን ውስጥ ነገ የሚቀመጠው ዛሬ የሰፈር ኮሚቴ ውስጥ ያለው ነው። ተጫዋች የሚያጭበረብር፣ ያልተመዘገበ ልጅ የሚያሰልፍ፣ ሲሸነፍ ደንብ የሚቀይር ኮሚቴ እዚህ ከለመደ እዚያም ያንኑ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀጣዩ ክረምት ጀምሮ የእያንዳንዱ ውድድር አዘጋጅ አንድ ገጽ ደንብ ይጻፍ፤ የሁሉም ቡድን መሪ ከዕጣው በፊት ይፈርምበት፤ አንዱ ኮፒ ሜዳው ዳር ባለ ሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከአቃቂ ቃሊቲ የወጣ ክለብ አንድ ቀን የአገር ዋንጫ ሲያነሳ፣ በዚያ ቀን የተሸነፈው ሁሉ «ይገባቸዋል» እንዲለን ከወዲሁ እንልመደው።

አሁን የእናንተ ተራ ነው፤ የጊዮርጊስም የቡናም ደጋፊ ይናገር፣ በተለይ የማይስማማ እጁን ያውጣ።